ያገለገለ ፒያኖ ባህር ዳር ላይ ልትገዙ ከሆነ ከፖሊሹ በፊት ውስጡን እዩ

ሰሞኑን ፒያኖ ልግዛ የሚል ሰው በዝቷል። ሆቴል ሲታደስ የሚያወጣው አለ፣ አገር ለቆ የሚሄድ ፈረንጅ የሚሸጠው አለ፣ ቸርች ኪቦርድ ከገዛ በኋላ ጥግ ያስያዘው የድሮ ፒያኖ አለ፣ ከአዲስ አበባ ደላላ በቴሌግራም ፎቶ የሚልከውም አለ። ፎቶው ላይ የሚታየው ግን ሁሌም ያው ነው፣ ጥቁር የሚያብለጨልጭ ሳጥንና ፊቱ ላይ በወርቅማ ቀለም የተጻፈ ስም። በዛ ፒያኖ አይገዛም። ፖሊሹን ጎበዝ አናጺ መልሶ ያበራዋል፣ ድምፁን የሚሰራው ግን ውስጥ ያለው እንጨት፣ ብረትና ሱፍ ነው፣ እሱን ደሞ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ፒያኖ ውስጥ በኋላ ሊስተካከል የሚችል ነገር አለ፣ ጨርሶ የማይስተካከል ወይም ማስተካከያው ከፒያኖው ዋጋ በላይ የሚሆን ነገርም አለ። ክሩን የሚመታው መዶሻ፣ ክር፣ ፌልት (የተጨመቀ ሱፍ)፣ ፔዳል፣ የቁልፍ አቀማመጥ እነዚህ ሁሉ ይስተካከላሉ። ክሩን የሚሸከመው የብረት ፍሬም፣ የክሩን ፒኖች ጨብጦ የሚይዘው እንጨት (ፒን ብሎክ) እና ድምፁን የሚያጎላው ሰሌዳ (ሳውንድቦርድ) ግን በቃ አንዴ ከሄዱ ሄዱ። ገንዘባችሁን የምታወጡት ለነዚህ ለሦስቱ ነው። እዚህ ባህር ዳር ደሞ አንድ ነገር ይጨመራል፣ ፒያኖ ቃኚ በፈለጋችሁ ቀን ደውላችሁ የምትጠሩት ሰው አደለም፣ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሊመጣ ይችላል፣ አበሉም ማደሪያውም በናንተ ነው። ስለዚ ለኛ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገን ቅኝቱን ይዞ የሚቆይ ፒያኖ ነው፣ የድምፁ ጣፋጭነት ሁለተኛ ነው። ይሄን የማይቀበሉኝ ሙዚቀኞች አሉ፣ ግን እነሱ ቃኚ አጠገባቸው ያለ ናቸው።

ስትሄዱ ባትሪ ያለው ስልክ፣ ስልኩ ላይ የተጫነ የቅኝት አፕ (ነፃ ሞልቷል) እና ሁለት ሜትር የሚሆን ቀጭን ክር ያዙ። ሻጩን አስፈቅዳችሁ ክፈቱት፣ አፕራይት (ክሩ ቁልቁል የተወጠረበት፣ ግድግዳ ጋ የሚቆመው ዓይነት) ከሆነ ላይኛው ክዳን ይነሳል፣ የፊቱ ሰሌዳ ግራና ቀኝ ባለ ማጠፊያ ነው የሚያዘው፣ የታችኛው ደሞ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ስፕሪንግ ላሜራ ተይዞ ነው ያለው፣ እሱን ወደ ላይ ገፋ ስታደርጉት ይወጣል። አይከፈትም፣ ይበላሻል የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ።

መጀመሪያ ብረቱን እዩ። ፒያኖ ውስጥ 88 ቁልፍ ይኑር እንጂ ክሩ 230 ገደማ ነው፣ ምክንያቱም ላይኞቹ ድምፆች ለአንድ ቁልፍ ሦስት ሦስት ክር ስላላቸው፣ ወደ ታች ሲኬድ ሁለት፣ መጨረሻ ላይ አንድ አንድ ይሆናል። እያንዳንዱ ክር ከ70 እስከ 90 ኪሎ በሚሆን ኃይል ተወጥሮ ነው ያለው፣ ሲደመር ከ15 እስከ 20 ቶን ይደርሳል ማለት ነው፣ ይሄ ሁሉ ውጥረት ሌት ተቀን እዛ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ጣልያናዊው ክሪስቶፎሪ 1700 አካባቢ ፍሎረንስ ላይ የመጀመሪያውን ፒያኖ ሲሰራ ፍሬሙ እንጨት ብቻ ነበር፣ ክሩም ቀጭን ድምፁም ትንሽ። ቦስተን ላይ ባብኮክ የሚባል ፒያኖ ሰሪ በ1825 አንድ ወጥ የሆነ የብረት ፍሬም ፓተንት ካወጣ በኋላ ነው ነገሩ የተቀየረው፣ ብረቱ ስለቻለ ክሩ ወፈረ፣ ውጥረቱ ጨመረ፣ ድምፁ አዳራሽ መሙላት ጀመረ። ይሄ ብረት ግን ተቀልጦ የሚፈስ ካስት አይረን ነው፣ ሲጫኑት ችሎ ይኖራል፣ ሲመቱት ወይ ሲወድቅ ግን ይሰነጠቃል። ስለዚ የስልካችሁን መብራት አስጠግታችሁ የብረቱን ክንዶች ከላይ እስከ ታች እዩ፣ በተለይ ብሎን በገባበት አካባቢና ክንዶቹ በሚገናኙበት ቦታ። ቀለሙ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር ካያችሁ፣ አንድ አካባቢ ያሉት ድምፆች ብቻ በጣም ወርደው ከሆነ ደሞ፣ ትታችሁት ውጡ። ብየዳ ቤት ወስደን እናስበይደዋለን የሚል ሰው አትስሙ፣ ካስት አይረን እንደ በር ፍሬም የሚበየድ ነገር አደለም፣ ያውም 20 ቶን እየጎተተው።

አሁን ወደ ፒን ብሎኩ፣ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

ክሮቹ ከላይ የሚጠመጠሙባቸው የብረት ፒኖች አሉ፣ ቃኚው በመፍቻ የሚያዞራቸው። ፒኖቹ ብረቱን አልፈው የገቡበት ወፍራም እንጨት ነው ፒን ብሎክ የሚባለው፣ ከፊት ስለሚሸፈን አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። ጥሩው የሚሰራው ከጠንካራ ሜፕል ወይም ቢች ከሚባል እንጨት ነው፣ ስስ ስስ ሆኖ ተሰንጥቆ የአንዱ ጭረት (የእንጨቱ የተፈጥሮ መስመር) ከሌላው ጋር እንዲሻገር እየተደረገ በኮላ ይጣበቃል፣ አናጺዎቻችን ኮምፔርሳቶ የሚሉት ዓይነት አሰራር ነው ግን በጣም ጥቅጥቅ ያለና ከጠንካራ እንጨት የሆነ። እንዲሻገር የሚደረገው ፒኑን በየአቅጣጫው እንዲነክሰው ነው። ፒኑ ላይ ምንም መቆለፊያ የለም፣ ብሎንም አደለም፣ እንጨቱ ጨብጦ ስለያዘው ብቻ ነው የሚቆመው። እንጨቱ ደርቆ ቀዳዳው ከሰፋ ቃኚው ዛሬ ያስተካክላል፣ ሳምንት ሳይሞላ ይወርዳል።

እንዴት ይታወቃል? አንደኛ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቀስ ብላችሁ ምቱና ያዙ፣ አንዱ ድምፅ ውስጥ ያሉት ሦስት ክሮች እርስ በርስ እየተጣሉ ዋዋዋ የሚል መንቀጥቀጥ ካለ ቅኝቱ ወጥቷል ማለት ነው። ፒያኖው በሙሉ እንደዛ ከሆነ ምናልባት ለዓመታት ሳይቃኝ ቆይቶ ነው፣ ያ ብቻውን ችግር የለውም። ጥሩ ከሆኑት መሀል እዚህም እዛም አንዳንዱ ብቻ በጣም ከወረደ ግን፣ በተለይ ሻጩ በቅርቡ ተቃኝቷል ካለ፣ የላላ ፒን ነው። ሁለተኛ ፒኖቹን እዩ፣ አንዳንዱ ከጎረቤቱ ወፈር ያለ ከሆነ ወይም ጠልቆ ብረቱን ሊነካ የደረሰ ከሆነ ከዚህ በፊት ሰው ሲታገልበት ነበር። ሦስተኛ በፒኖቹ ዙሪያ ጥቁር ቅባት ነገር ካለ አንድ ጎበዝ ዘይት አጠጥቶታል ማለት ነው፣ ዘይት የጠጣ ፒን ብሎክ ደሞ አይነክስም። ኧረ እባካችሁ ፒያኖ ውስጥ ዘይት አታድርጉ፣ ቢጮህም አታድርጉ!

ጥቂት ፒን ብቻ ከላላ በወፍራም ፒን ይተካል፣ ቀጭን ሱፐር ግሉ በቀዳዳው ዙሪያ አንጠባጥበው የሚያጠብቁም ቃኚዎች አሉ፣ ይሰራልም። ብዙ ከሆነ ግን ፒን ብሎክ መቀየር ማለት ክሩን በሙሉ አውርዶ ብረቱን ማንሳት ማለት ስለሆነ ለአፕራይት አያዋጣም።

ሦስተኛው ሳውንድቦርዱ ነው። ክሩ ብቻውን ድምፁ ትንሽ ነው፣ ከክሩ ንዝረቱን ብሪጅ የሚባለው የሜፕል እንጨት ይቀበልና ወደ ሰፊው ስስ ሰሌዳ ያስተላልፋል፣ አየሩን የሚገፋው ሰሌዳው ነው። ክራር ላይ ቆዳው የሚሰራውን ስራ ፒያኖ ላይ ይሄ ሰሌዳ ይሰራል፣ ቆዳው ከላላ ክሩን ወርቅ ብታደርጉት ዋጋ የለውም። ሰሌዳው ስፕሩስ ከሚባል በቀዝቃዛ አገር ቀስ ብሎ ከሚያድግ ጥድ መሳይ ዛፍ ነው የሚሰራው፣ ቀላል ሆኖ ሳለ ግትር ስለሆነ ንዝረት ቶሎ ይሮጥበታል፣ ውፍረቱ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ጀርባው ላይ የጎድን አጥንት የሚመስሉ እንጨቶች ተጣብቀውበታል፣ ዝርግም አደለም፣ ወደ ክሩ በኩል በጥቂቱ ጎበጥ ብሎ ነው የሚሰራው፣ ይሄ ጉብታ ነው ክሩን ገፍቶ የሚይዘው።

እዚህ ላይ ነው የኛ ከተማ አየር የሚገባው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ከጭረቱ ጎን ለጎን ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሌት ተቀን ሲሆን ልብስ እንኳ አልደርቅ ሲል ሰሌዳው ያብጥና ጉብታው ይጨምራል፣ ክሩን ይወጥረዋል፣ ፒያኖው በተለይ መሀሉ ላይ ከፍ ይላል። የካቲትና መጋቢት ሙቀቱና ድርቀቱ ሲመጣ በግልባጩ ይወርዳል፣ ሲብስ ይሰነጠቃል። ለፒያኖ ጥሩ የሚባለው እርጥበት ከ40 እስከ 50 በመቶ አካባቢ ነው፣ ከቁጥሩ ይልቅ ደሞ ዋናው ነገር አለመዋዠቁ ነው፣ እኛ ጋ የሚዋዥቀው ብዙ ነው።

ስለዚ ሰሌዳው በሁለት ዓይነት እንደሚሰራ እወቁ። አንዱ ሶሊድ ስፕሩስ ነው፣ ቁርጥራጩ ጎን ለጎን ተጣብቆ፣ ድምፁ ጥልቀት አለው ውድ ፒያኖዎች ሁሉ እሱን ነው የሚጠቀሙት። ሌላው በሦስት ንብርብር የተጣበቀ ነው፣ ረከስ ባሉት ላይ የሚገኝ፣ ድምፁ ትንሽ ይዘጋል ግን አይሰነጠቅም፣ እርጥበትም እንደዛ አያናውጠውም። መጽሐፉ ሶሊድ ይሻላል ይላል፣ እኔ ግን ባህር ዳር ለሚቀመጥ፣ የአየር መቆጣጠሪያ ለሌለው ቤት፣ ልጆች ለሚማሩበት ፒያኖ ንብርብሩን አልንቅም። በጎኑ ብታዩት፣ ማለትም ለብሎን የተቀደደ ቀዳዳ ካለ በዛ ውስጥ ብታዩት፣ የጭረቱ መስመር ከፊት እስከ ጀርባ ካለፈ ሶሊድ ነው፣ ንብርብር ከሆነ ንብርብሩ ይታያል።

ከግድግዳው አስጠግታችሁ አትዩት፣ አስወጡትና ከጀርባው እዩ። ስንጥቅ ብታዩ ወዲያው አትደንግጡ፣ ስንጥቅ ያለው ግን ጥሩ የሚዘፍን ፒያኖ ሞልቷል። የሚያስፈራው የጎድን እንጨቱ ከሰሌዳው ሲላቀቅ ነው፣ ያኔ አንዳንድ ድምፅ ስትመቱ ዝዝዝ የሚል አለ፣ ጣታችሁን ስንጥቁ ላይ ጫን ስታደርጉ ዝዝታው ከጠፋ ምክንያቱን አገኛችሁት። ያመጣችሁትን ክር ደሞ ረጅሙ የጎድን እንጨት ባለበት መስመር ከጫፍ ጫፍ በሰሌዳው ጀርባ ላይ ወጥራችሁ ያዙ፣ መሀል ላይ በክሩና በእንጨቱ መሀል ትንሽ ክፍተት ከታየ ጉብታው አለ ማለት ነው፣ ክሩ ሙሉ በሙሉ ከተኛ ሰሌዳው ዝርግ ሆኗል። ከዛ ብሪጁን እዩ፣ ክሮቹ የሚያልፉባቸው ትንንሽ ፒኖች ዙሪያ እንጨቱ ተሰነጣጥቆ ከሆነ ያ ቦታ በፍጹም ንጹህ ድምፅ አይሰጥም።

መጠኑን በሜትር ለኩት፣ ይሄ ቀላሉ ነው። አጭር ፒያኖ የባስ ክሩም አጭር ነው፣ አጭር ክር ደሞ ዝቅ ያለ ድምፅ እንዲያወጣ በጣም መወፈር አለበት፣ በጣም የወፈረ ክር እንደ ዘንግ ይገትራል፣ ድምፁም የተደበላለቀ ጉምጉምታ ይሆናል። ለዛም ነው ባስ ላይ ያለው የብረት ክር መዳብ የሚጠመጠምበት፣ ሳይገትር እንዲከብድ። ከወለል እስከ ክዳኑ 110 ሴንቲ ሜትር የማይሞላውን እኔ አልመክርም፣ ከ120 በላይ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ለምሳሌ የያማሃ ዩ1 121 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ዩ3 ደሞ 131። የባስ ክሮቹ መዳቡ አረንጓዴ ካበቀለና ስትመቱት ድፍን የሞተ ድምፅ ካለው ባሱ በሙሉ መቀየር አለበት፣ ይቻላል ግን ክሩ በልክ ከውጭ ነው የሚታዘዘው። ቀጭኖቹ ክሮች ላይ ቀላል ዝገት ችግር የለውም፣ የቀላ ሻካራ ዝገት ከሆነ ሲቃኝ ይበጠሳል።

መዶሻዎቹ በከፍተኛ ኃይል የተጨመቀ የበግ ሱፍ ናቸው። አፋቸው ላይ የክሩ ምልክት ጠልቆ ከገባ ድምፁ ይጮሃል፣ በሞረድ ወረቀት ተፍቆ ይስተካከላል ሱፉ እስካለ ድረስ፣ የደነደነውን ደሞ ቃኚው በመርፌ እየወጋ ያላላዋል። ብል የበላው ሱፍ ግን ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ከቁልፎቹ ስር ያለውን ፌልትም እዩ አይጥ ጎጆ ሰርታበት ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ቀልድ አደለም። ዳምፐሮቹ (ጣታችሁን ስታነሱ ክሩን ዝም የሚያሰኙት ሱፎች) ከመዶሻዎቹ በላይ ሆነው ፊታቸው በሽቦ ረድፍ የተሸፈነ የድሮ እንግሊዝ ፒያኖ ካጋጠማችሁ ለቤት ጌጥ ካልሆነ አትግዙት፣ ለመቃኘትም ለመጠገንም መከራ ነው። አክሽኑ ውስጥ፣ ማለትም ከቁልፉ እስከ መዶሻው ባለው መገጣጠሚያ ውስጥ፣ ፕላስቲክ ካያችሁ ደሞ አትናቁ፣ ካዋይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ኤቢኤስ የሚባል ፕላስቲክ አክሽኑ ላይ ይጠቀማል፣ ፕላስቲኩ ክረምት አያብጥም፣ የእንጨቱ መጋጠሚያ ግን ያብጥና ቁልፉ ተጭኖ አልመለስ ይላል።

ቁልፉ የዝሆን ጥርስ ነው ብሎ ዋጋ የሚጨምር ሻጭ አለ። የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ ከ1990 ጀምሮ የተከለከለ ነው፣ ድምፁ ላይም ምንም የሚጨምረው የለም፣ እንደውም ይላቀቃል ይሰነጠቃል። አክሪሊክ ይበቃናል። ከዛ ይልቅ ተንበርክካችሁ ቁልፎቹ የተቀመጡበትን አልጋ ከስሩ እዩት፣ ቺፕውድ ከሆነና ጠርዙ ካበጠ ቁልፎቹ በሙሉ ከፍና ዝቅ ይላሉ። የውጭው ሳጥን ቺፕውድ ቢሆን ግድ የለም፣ እሱ ልብስ ነው።

አሁን ምቱት። ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ከኤፍ ሻርፕ (ሦስት ሆነው ከተደረደሩት ጥቁሮች በግራ ያለው) ጀምራችሁ ብትጫወቱ ያው ሙሉ ትዝታ ነው የሚወጣው፣ ፒያኖ ባትችሉም ክራር የነካ ሰው ጆሮው ይነግረዋል። ቀስ ብላችሁ ምቱ፣ በተለይ ከመሀል ወደ ቀኝ አንድ ኦክታቭ ተኩል (18 ቁልፍ ገደማ) አካባቢ ያለውን ድምፅ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱና ጣታችሁን ሳታነሱ አዳምጡ፣ ደካማ ሰሌዳ መጀመሪያ የሚታወቀው እዛ ነው፣ ጠቅ ብሎ ቶሎ ይሞታል። ፒያኖ ተጫዋቿን መነኩሴ እማሆይ ጽጌማርያምን ሰምቶ ፒያኖ ያማረው ብዙ ሰው አለ፣ ያ ተንጠልጥሎ የሚቆይ ድምፅ እንዲኖራችሁ ከፈለጋችሁ እዚህ ቦታ ላይ አትቸኩሉ። ከዛ 88ቱንም አንድ ሳታስቀሩ ምቱ፣ ሻጩ ቢሰለችም ይሰልች። በመጨረሻ አፑን ከፍታችሁ መሀል ላይ ያለውን ኤ የሚባለውን ድምፅ እዩ፣ 440 ኸርዝ አካባቢ ከሆነ ጥሩ፣ ግማሽ ድምፅ (አጠገቡ እስካለው ቁልፍ) ያህል ከወረደ ወደ ቦታው ለመመለስ አንድ ቅኝት አይበቃም፣ ያረጀ ክርም ሊበጠስ ይችላል፣ ያንን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ብረቱ ላይ የተጻፈውን ሴሪያል ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ የተሰራበትን ዘመን ታገኛላችሁ፣ አርባ ዓመት ቢሆነውም በደንብ የተያዘ ከሆነ አትፍሩ።

ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ አፕራይት ከ200 ኪሎ በላይ ነው፣ አይሱዙ ላይ ቆሞ ጀርባው ከሹፌሩ ቤት ጋር ታስሮ ነው የሚመጣው፣ አስተኝተው እንዳይጭኑት። ዓባይ በረሃ ላይ መኪናው ወርዶ ሲወጣ ሙቀቱ ስለሚቀያየር በብርድ ልብስ ከዛ በሸራ ይሸፈን፣ ክረምት ላይ ግን ባታመጡት ነው የምመርጠው።

ቤት ሲገባ ደሞ ወደ ጣና የሚያየው መስኮት ስር የሚያስቀምጡት አሉ፣ ለፎቶ ያምራል፣ ለፒያኖው ግን ፀሐይም ንፋስም እርጥበትም አንድ ላይ ነው። የውስጥ ግድግዳ ጋ፣ ቡና ከሚፈላበትና ከኩሽና ራቅ አድርጉት። ልስኑ ያልደረቀ አዲስ ቤት ከሆነ ሲሚንቶው እስኪደርቅ ጠብቁ። ምስጥ ያለበት ሰፈር ከሆነ እግሮቹን ከወለሉ ከፍ አድርጉና በየጊዜው ከጀርባው እዩ። በመብራት የሚሰራ የእርጥበት መቆጣጠሪያ ፒያኖ ውስጥ የሚገጠም አለ፣ ጥሩ ነው፣ መብራቱ ካለ ማለቴ ነው። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ግን ግዙና ላዩ ላይ አስቀምጡ። ቃኚ ለመጥራት አትቸኩሉ፣ ፒያኖው ክፍሉን እስኪለምድ ሦስት አራት ሳምንት ይቀመጥ፣ በዓመት አንዴ ብቻ ማስቃኘት ከቻላችሁ ደሞ ክረምቱ ወጥቶ እርጥበቱ ሲረጋጋ ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር ላይ አድርጉት፣ ሰኔ ላይ የተቃኘ ነሐሴ ላይ ሌላ ፒያኖ ነው።